ለባለ ሁለት አፍንጫዋ የቀረ አየር

ብረት ቆራጩ የኦክስጅን ሲሊንደሩን እያንከባለለ ወደ ሐዲዱ ይመጣል። እኔ አሮጌዋ ባቡር ላይ ነኝ፤ ሁለት ጊዜ ላስነሳት ሞክሬ አልሆነልኝም፤ እጄ እስከ ክርኔ ዘይት ነው።

«ስንት አየር ቀረሽ?» ይላል ኃላፊው ከታች ሆኖ።

«ላንድ ማስነሻ የሚሆን።»

«ተነስታ ሦስቱን ፉርጎ እስከ መጋዘኑ ከጎተተች ትቆያለች ብያለሁ። ካልተነሳች ትወርጃለሽ፤ እሱም ሥራውን ይጀምራል።»

«አልወርድም! ከነእኔ ይቁረጣት!»

ቆራጩ ይስቃል። «እኅቴ፣ ብረቱስ ይቆረጣል፤ ያንቺ ጭንቅላት ነው የሚያስቸግረኝ።»

ይሳቅ። መንጃ ክፍሏ መሀል ላይ፣ ከፊትም ከኋላም አንዳንድ ሞተር፤ የቱ ፊቷ እንደሆነ ስለማይለይ «ባለ ሁለት አፍንጫ» እንላታለን። መልከ ጥፉን በስም ይደግፉ ይባላል፤ እሷን ስሟም አልደገፋት። መንኮራኩሮቿ በብረት ክንድ ተያይዘዋል፤ ስትሄድ በክርኗ ሰው እየገፋች የምታልፍ ሴትዮ ትመስላለች። አባቴ ሠላሳ ዓመት ፉርጎ ሲደረድርባት ኖሯል። እኔ ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ የምሳ ሰዓቴን እሷ ሥር ተኝቼ ስጠግናት ጨርሻለሁ። እወዳታለሁ፤ ምን ይደረግ!

አነሳሷን አሳምሬ አውቃለሁ። መጀመሪያ የፊቱ ሞተር በታመቀ አየር ይነሳል፤ የእሱ ሙቅ ውኃ የኋላውን ያሞቀዋል። የኋላው ሳይሞቅ ቢለምኑትም አይነሳም። የፊቱን ነዳጅ አጠጥቻለሁ፤ «ፊት» የሚለውን እጀታ ስቤያለሁ። ሁለቴም አየሩ እፍፍ ብሎ ዝም።

ቤት እደውላለሁ። አባዬ «ልትቆረጥ ነው» ሲባል ከሰማ ጀምሮ ከአልጋው መውረድ ትቷል።

«አባዬ፣ እንቢ አለችኝ።»

«እሷ እንቢ አትልም። ምን አድርገሻት ነው? ቀዩን እጀታ ነው የሳብሽው?»

«የምን ቀይ? ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው።»

«ማነው ደሞ አረንጓዴ የቀባቸው?»

«ዓምና እንግዶች ሊጎበኙ ሲመጡ ሁሉ ነገሯን ቀብተው...» ቃሉ አፌ ላይ ይቀራል። ሲቀቡ «ፊት» እና «ኋላ» የሚሉትን የብረት ጽሑፎች ፈትተዋቸው ነበር። «ጽሑፎቹንስ ሲመልሷቸው ማን አየ?» እላለሁ።

«ጽሑፉን ተይው» ይላል አባዬ። «የፊቱ ቀዩ ነው፤ በመስኮቱ በኩል ያለው።»

በመስኮቱ በኩል ያለው «ኋላ» ይላል። በካቻቢቴ ጫፍ ፋቅ፣ ፋቅ አደርገዋለሁ። ከአረንጓዴው ሥር ቀይ ብቅ ይላል።

ወይ የኔ ነገር! ጽሑፎቹን አቀያይረው ነው የመለሷቸው! ነዳጁን ላንዱ፣ አየሩን ለሌላው! ሳነብ የዋልኩት የቀየሩባትን ልብስ ነው!

«በቃሽ፣ ውረጂ» ይላል ኃላፊው።

ስልኩን ሳልዘጋ መስኮቱ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ቀዩን እጀታ በሁለት እጄ ጨብጬ፣ እግሬን ተክዬ እስበዋለሁ። አየሩ ይጮሃል። የአየር መለኪያው መርፌ ይወርዳል፣ ይወርዳል፤ ከዜሮ በላይ አንድ ጣት ብቻ ሲቀረው ሞተሩ ያስላል። አንዴ። ሁለቴ። በሦስተኛው እግሬ ሥር ያለው ወለል ይንቀጠቀጥና ጭሱ ቆራጩን ከነሲሊንደሩ ይውጠዋል።

«ተነሳችልኝ!» ብዬ እጮሃለሁ። እያለቀስኩ ነው፤ ማንም ይየኝ።

የኋላው እስኪሞቅ ሃያ ደቂቃ እንጠብቃለን። እሱም ይነሳል። ሦስቱን ፉርጎ ቀጥዬ ለቀቅ ሳደርጋት መጀመሪያ ታቃስታለች፣ ከዚያ ክንዶቿ መዞር ይጀምራሉ።

ኃላፊው ለጥቂት እርምጃ ከጎኗ እየተራመደ ያያታል። ከዚያ ወደ ቆራጩ ዞሮ፣ «ዕቃህን ከሐዲዱ ላይ አንሳ እንጂ፣ ባቡር እየመጣ!» ይለዋል።

ስልኩን ከመስኮቱ አነሳለሁ። አሁንም አልተዘጋም።

«አባዬ፣ ሰማሃት?»

ከስልኩ ራቅ ብሎ እናቴን ሲጣራ ይሰማኛል።

«አንቺ፣ ጫማዬን የት ነው ያደረግሽብኝ?»