የበጀት ዋዜማ ጫማ

«ይጠብሃል?» ይላል ዊልፍ ኮስቲዩክ፣ በአንድ ጉልበቱ ተንበርክኮ የጫማውን አፍንጫ በአውራ ጣቱ እየተጫነ።

«ልክ ነው» ይላል ሎርን ሃልቨርሰን። ልክ ይሁን አይሁን አያውቅም። ስኳር ከያዘው ወዲህ የእግሩ ጣቶች የሌላ ሰው ይመስሉታል። ሰሞኑን ድንዛዜው ወደ ላይ ሳይወጣ አልቀረም፤ ባለፈው ሳምንት ካቢኔው የበጀቱን የመጨረሻ ገጽ ሲያጸድቅ የገዛ እጁ ለድምፅ ከፍ ሲል ያየው እንደ ታዛቢ ነበር።

የገንዘብ ሚኒስትር በጀት በሚያቀርብበት ዋዜማ አዲስ ጫማ ይገዛል፤ የቆየ የካናዳ ልማድ ነው። ሎርን የክፍለ ሀገሩ የገንዘብ ሚኒስትር በሆነባቸው ስድስት ዓመታት ሁሉ የገዛው ከትውልድ ከተማው ከሃርላን ክሪክ፣ ከዚሁ ከዊልፍ ሱቅ ነው። የከተማዋ ጋዜጣ ፎቶ አንሺ ሁለቱን አስቃ አንስታቸው አሁን ወጣች።

«ክቡር ሚኒስትር፣ እግርህ በያመቱ እየሰፋ ነው። ሥልጣን ወደ እግርም ይወርዳል እንዴ?»

ሎርን ፈገግ ይላል። የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት፣ ገና የትምህርት ቤት ቦርድ አባል ሳለ፣ «ለምክር ቤት ተወዳደር» ብሎ የወተወተው ይሄው ሰው ነው። ያን ክረምት በዊልፍ አሮጌ ፒክአፕ ከእርሻ እርሻ ዞረው፣ በየደጁ ከጫማቸው በረዶ እያራገፉ፣ «ሆስፒታላችንን አናስነካም» እያሉ ድምፅ ለምነዋል። ያኔ ሎርን ይህን ሲናገር ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ዳሪል እኮ ጠቅልሎ ሊመጣ ነው» ይላል ዊልፍ ስለ ልጁ፣ ማሰሪያውን እየሳበ። «ሆስፒታሉ ፊት ለፊት ያለውን ፋርማሲ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፈርሞ ይረከባል። ለብድሩ እኔም ቤቴን አስይዣለሁ። እናቱ ብትኖር እንዴት ደስ ባላት።»

ሎርን ነገ ምክር ቤት ፊት የሚያነበው ንግግር ገጽ ዐሥራ አንድ ላይ የሚዘጉት ሆስፒታሎች ተዘርዝረዋል፤ ሃርላን ክሪክ አራተኛዋ ናት። ንግግሩ እስኪነበብ ምሥጢር ነው፤ ከመነበቡ በፊት አንዲት ቃል ያፈተለከችበት ሚኒስትር፣ ሚኒስትርነቱ አበቃ።

«ምነው? እንኳን ደስ ያለህም የለ?»

እንኳን ደስ ያለህ። ሦስት ቃል። በየምረቃውና በየሠርጉ ሺህ ጊዜ ብሏታል። አፉን ይከፍታል፤ አትወጣም።

የዊልፍ እጅ ማሰሪያው ላይ ይቆማል። ቀና ብሎ የጓደኛውን ፊት ያያል፤ ረጅም ጊዜ ያያል።

«ሎርን። ሆስፒታላችን አለ አይደል?»

«ነገ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ በጀቱን አቀርባለሁ።»

«እሱን አልጠየቅኩህም።»

«እኔም ሌላ የምለው የለኝም።»

ዊልፍ ባንኮኒውን ተደግፎ ይነሣል። ስልኩን አንሥቶ ቁጥሩን ይመታል።

«ዳሪል? ፊርማው ይቅር... ይቅር አልኩህ እኮ! ... ማንም ምንም አላለኝም።» ዓይኑን ከሎርን ላይ አይነቅልም። «ማንም።»

«ተሳስተሃል ዊልፍ፣ ይፈርም» ማለት ይበቃ ነበር። ዳሪል ዛሬ ሳይፈርም ከቀረ፣ ነገ ዝርዝሩ ሲነበብ ሰዉ «ማን ነገረው?» ማለቱ አይቀርም። ሃያ ሁለት ዓመት የተለፋበት ሥራ በዚያች በአንዲት ውሸት ይተርፋል። ሎርን ትናገር እንደሆነ ብሎ ምላሱን ይጠብቃታል። አትናገርም። ፍርሃትም እፎይታም ይጠብቃል፤ እነሱም አይመጡም።

ዊልፍ ስልኩን ይዘጋል። ተመልሶ ይንበረከካል፣ ቀና ሳይል።

«ግራውን ስጠኝ።»

ሎርን ግራ እግሩን ይዘረጋል። በመስኮቱ ማዶ፣ መንገዱ ጥግ ላይ፣ የሆስፒታሉን አቅጣጫ የሚያመለክተው ሰማያዊ ታፔላ ግማሹ በረዶ ለብሷል። አንዲት መኪና እሱ ሥር ስትደርስ ፍጥነቷን ትቀንሳለች፤ ፍሬቻ ታሳያለች፤ ቀስቱን ተከትላ ትታጠፋለች።