ፈቀቅ ያለው ግድግዳ

የቤቶች ማኅበሩ የፈራረሰውን ሰፈራችንን መልሶ ሲገነባ ማንንም አላፈናቀለም፤ ኪራዩንም አላስወደደም። ደንቡ ግን አንድ ነው፤ ከቤተሰብ ሰው ሲጎድል ግድግዳው ራሱ ፈቀቅ ይልና ቦታው ለጠበበው ጎረቤት ይሰጣል።

ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን ጋሽ መኩሪያ በተቀበሩ ማግስት ጧት ስንነሳ ቤታችንን ሰፍቶ አገኘነው። ባሌ የልጃችንን አልጋ ሊያስገባ ሲጣደፍ፣ እኔ የሽማግሌው አልጋ እግሮች ሊሾው ላይ የተዉትን ምልክት በምንጣፍ ሸፈንኩ።

ወዲያው በር ተንኳኳ። ባለቤታቸው እትዬ የሻረግ ነበሩ፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። አንገቴን ደፋሁ።

«ልጄ፣ ነገ ሰልስት ነው። ለቀስተኛውን የማስቀምጥበት ቦታ አጣሁ። እናንተ ጋ ቢቀመጡ ቅር ይልሻል?»

«ምን ቅር ይለኛል እትዬ! ይግቡ እንጂ።»

ገብተው ዙሪያውን አላዩም። በቀጥታ ወደ ምንጣፉ ሄደው ጫፉን ገለጡ፤ ምልክቱን በመዳፋቸው ዳበስ አድርገው እዚያው ቁጭ አሉ። ከዚያ ቀና ብለው የልጄን አልጋ አዩ።

«እግዜር ያሳድግልሽ» አሉኝ።

አሜን ማለት አቃተኝ። ቦታ ይጨመርልን ብዬ ለማርያም ስሳል፣ ከማን ተቆርሶ እንደሚመጣ አልጠየቅኩም ነበር።