የበኩር ልጅ በእናት ቤት

የኒውክሌር ጣቢያው እንዳይዘጋ የሚከራከር ሰው ከነቤተሰቡ አጥሩ ሥር ይኑር የሚል ሕግ ከወጣ ስድስት ዓመቱ ነው። እኔ የጣቢያው መሐንዲስ ነኝና ስድስቱንም ዓመት እዚያው ኖሬአለሁ።

ዛሬ በቀበሌው አዳራሽ ሕዝቡ "ይዘጋ!" እያለ ሲጮህ እኔም መልሼ ጮህኩባቸው።

"ጣቢያው ተዘግቶ መብራት ሲጠፋ የጉድጓዱን ውሃ በምን ልትስቡት ነው? በጸሎት? አደጋ ቢኖረው ኖሮ እኔ አጥሩ ሥር አድር ነበር?"

ከጮኹት ብዙዎቹ ተቀመጡ። ያሸነፍኩ መሰለኝ።

ጎረቤቴ እማማ ትርንጎ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡ።

"ልጅሽ ስምረት ወሯ ገብቷል አሉ። የበኩር ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነው። እኔም ለገንፎው ገብስ አስፈጭቼ እየጠበቅኩ ነው። መቼ ነው የምትመጣው?"

ጠዋት ደውዬላት ነበር። "ወጉ ይቅር፣ አማትሽ ዘንድ ውለጂ" ስላት አልቅሳለች።

ሰው ሁሉ አፍ አፌን ያየኛል። ስልኬን አወጣሁና ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረግኩት።

"ስምረት፣ ነይ ልጄ። ገብሱ ተፈጭቷል።"

"እውነትሽን ነው እማዬ? መጣሁ!" አለች፤ በደስታ ሳቀች።

ሴቶቹ እልል አሉ። እማማ ትርንጎ ብቻ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ።