ድምፁ ይበቃሻል

በማውዝ ጠቅ ጠቅ እያደረገ ቪዲዮ የሚያወርድ ሰው ለይትባረክ ሰው አይደለም። እሱ ሊኑክስ የተጫነበት ኮምፒውተሩ ላይ ጥቁሯን መስኮት ከፍቶ አንድ መስመር ትእዛዝ ይጽፋል፤ አለቀ። የቪዲዮውን ገጽ ከፍቶ ማየት የጀማሪ ሥራ ነው።

አንዲት ሴትዮ ቪዲዮ የሚጭንበት ሱቁ ገብታ ፍላሽና ወረቀት አቀበለችው። ወረቀቱ ላይ የአንድ ቻናል አድራሻና «አርባውንም ትምህርት ጫንልኝ» የሚል ተጽፏል።

«ማውረድ እንኳ ሳትችዪ ትምህርት አማረሽ?» አላት ትእዛዙን እየጻፈ። ፈገግ አለችለት። «ፍላሽሽ ደግሞ ጠባብ ነው፤ ድምፁ ይበቃሻል» ብሎ ምስሉን አስቀረው።

ሲያልቅ የመጀመሪያውን አጫወተ። ጭጭ። ድምፅ ጨመረ። ጭጭ።

«ባዶ ነገር ነው ያስጫንሽኝ» ብሎ ሳቀባት።

ሴትዮዋ ምስል የሌለውን ስክሪን አየች። ወረቀቱን ገልብጣ ጻፈችለት፦

«እኔም ተማሪዎቼም አንሰማም። ቪዲዮው ላይ የሚያስተምሩትን እጆቼን የት አደረስካቸው?»