የመሰላል ግምገማ

«በጥንካሬ፣ ከቡድኔ ጋር ተግባብቼ እሠራለሁ» አለች እድላዊት። «በድክመት፣ ጠዋት ጠዋት አረፍዳለሁ። ወደፊት አስተካክላለሁ።» የብየዳ ክፍሉ ተማሪዎች አጨበጨቡላት። ከእሷ በፊት ተነስተው ራሳቸውን የገመገሙትም ድክመታቸው ማርፈድ ብቻ ነበር። አባቶቻቸው በየፋብሪካው ግምገማ ሲቀመጡ ኖረዋል፤ ማርፈድ ማንንም እንደማያስቀጣ ልጆቹ ከቤታቸው ያውቁ ነበር።

መምህሩ አላጨበጨቡም። ተማሪዎቹ ሠርተው ካስረከቧቸው የብረት መሰላሎች የእድላዊትን አነሱና ግድግዳው ላይ አስደገፉት። «ራስሽን ገመገምሽ፤ ሥራሽንስ?» አሉና የመጀመሪያውን እርከን ረገጡ።

«ጥሩ ነው፣ ቲቸር።»

ሌላ እርከን ወጡ። በቃሊቲ መንገድ ያለፈ ተሳቢ መኪና የጣሪያውን ቆርቆሮ አንቀጠቀጠው። የእድላዊት ዓይን ከላይኛው እርከን አልተነቀለም። እዚያ ጋ ብየዳው አልይዝ ብሏት በስቱኮ ሞልታ ቀለም ቀብታበታለች። ሲያዩት ከሁሉም ያማረው እሱ ነበር።

«ሌላ ድክመት የለም?» አሉ መምህሩ ፊታቸውን ሳያዞሩ። ቀኝ እግራቸው ወደ ላይኛው እርከን ተነሳ።

«ቲቸር፣ እንዳይረግጡት» አለች። «አልተበየደም። ስቱኮ ነው።»

እግራቸው አየር ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ቀስ ብለው ወረዱ። አልተቆጡም፤ አላመሰገኗትምም። የእሷን መሰላል ወደ ጎን አደረጉና «ድክመቴ ማርፈድ ነው» ብሎ ሞቅ ያለ ጭብጨባ ያገኘውን ልጅ መሰላል ግድግዳው ላይ አስደገፉ።

ገና እግራቸውን ሳያነሱ የክፍሉ ግማሽ እጁን አወጣ።