ባዶ የመሰለው ዲስክ

ሁለተኛው ጥፊ ኡዘይርን ከነወንበሩ ጣለው። ወልደኢየሱስ ፋታ አልሰጠውም፤ በአንገትጌው ጎትቶ አነሣና መልሶ ኮምፒውተሩ ፊት ጎለተው።

«የወንድሜን ሠርግ አምጣ!»

«አያ ወልደኢየሱስ፣ አልጠፋም እኮ ስልህ...»

ሌላ ጥፊ ቃሉን ከአፉ ነጠቀው።

ኡዘይር ጎንደር ፒያሳ ላይ ፎቶ ቤት አለው፤ ሠርግም በቪዲዮ ይቀርጻል። የቀረጸውን ሁሉ የሚያጠራቅመው ግን ቤቱ ነው። ጓዳው ውስጥ አራት ዲስክ የጎረሰ፣ እሱ «ሰርቨር» የሚለው አሮጌ ኮምፒውተር አስቀምጧል። የጎንደርና የአርማጭሆ ሙሽራ ግማሹ እዚያች ሣጥን ውስጥ ይጨፍራል።

ከነዚያ አንዱ መዝሙር ነው፤ የወልደኢየሱስ ታናሽ ወንድም። ባለፈው ጥር ሳንጃ ላይ ሲዳር፣ ሚዜዎቹ ትከሻቸው ላይ አውጥተው ያስጨፍሩታል፤ ጠመንጃ የያዘ ሁሉ እንደ አገሩ ወግ ወደ ሰማይ ይተኩሳል። ወልደኢየሱስም ጠጁ ናላው ላይ ወጥቶ ከኋላ ክላሹን ያንደቀድቀው ነበር። ከዚያ ሁሉ መሀል አንዷ ጥይት የመዝሙርን ማጅራት በሳችው። ሙሽራው ከነካባው ወደቀ።

ገዳዩ ማን እንደሆነ ወልደኢየሱስ ለአፍታም አልተጠራጠረም። አዛናው ነው። በወሰን መሬት ሲካሰሱ የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ አዛናውም ጠመንጃ ይዞ ሠርጉ ላይ ውሏል። «አዛናው እኮ ከፊት ነበር የቆመው» ያሉ አልጠፉም። ወልደኢየሱስ «ዞሮ ይሆናላ!» ብሎ አፋቸውን አስያዛቸው። ሽማግሌዎቹ ግን ቪዲዮው እስኪታይ ማንም በማንም ላይ እጁን እንዳያነሣ አስማሉ። ነገ ሊያዩት ነው። ዛሬ ሰርቨሩ ባዶ ሆነ።

«ምነው ዛሬ?» አለ ወልደኢየሱስ፣ ክላሹን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ። «ስንት ወር ሙሉ ደህና ከርሞ ምነው ዛሬ ባዶ ሆነ?»

«ከርነሉን አሻሻልኩት።»

«ከርነል ደግሞ ምንድን ነው?»

«የኮምፒውተሩ ሞተር በለው። ዲስኮቹ ላይ ያለውን ፋይል ማንበቢያው ከሱ ጋር አብሮ አይመጣም፤ ለየከርነሉ ለብቻው ነው የሚሠራው። አዲሱ ሲገባ የድሮው ማንበቢያ አልገጠመውም። አንተ የክላሽ ጥይት ለምንሽር አጉርሰህ ትተኩሳለህ?»

«ምን በወጣኝ።»

«ይኸው ነው። ጥይቱ አልጠፋም፤ ጠመንጃው ነው የተቀየረው።»

ወልደኢየሱስ የገባው መሰለ። ከዚያ ተነሥቶ በሰደፉ አፉ ላይ አለው። አንድ ጥርስ ኪቦርዱ ላይ ተንከባለለ።

«ታሾፍብኛለህ? በር ላይ የቆመችውን አዲስ ባጃጅ አዛናው ነው የገዛልህ!»

«የሚስቴ ወንድም ባጃጅ ናት፤ ወላሂ!» አለ ኡዘይር፣ ደሙን እየተፋ።

ሚስቱ ያስሚን ከውጭ በተቀረቀረባት ክፍል ሆና በሩን በጡጫ ትደበድባለች። የወልደኢየሱስ ስልክ ኪሱ ውስጥ ጮኸ። አውጥቶ አየና ዘጋው። «እናቴ ናት። ከነጋ ጀምሮ ‹ተወው፣ ለእግዚአብሔር ስጠው› ነው።»

የኡዘይርን ቀኝ እጅ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና ሰደፉን አሳረፈበት። ጠቋሚ ጣቱ ቀጭ አለች። ኡዘይር ጮኸ፤ ከጩኸቱ ሌላ ግን የወጣው ነገር የለም።

ወልደኢየሱስ ሰለቸው። ክላሹን አቀባበለ።

«እሺ። ያለ ቪዲዮም ይሆናል። አሁን ሳንጃ እወርዳለሁ፤ አዛናውን ደጁ ላይ እደፋዋለሁ። ሽማግሌ ቢሉ መሐላ ከዚያ በኋላ ይጠይቁኝ።»

እጁ የበሩን እጀታ ሲነካ ኡዘይር ተንገዳግዶ ተነሣ።

«ቆይ! አያ፣ ቆይ። አወጣዋለሁ።»

ወልደኢየሱስ ሳቀ። ሳቁ ከሰደፉ ይብስ ነበር። «አየኸው? ጥርስህ ሲረግፍ ዝም፤ ጣትህ ሲሰበር ዝም፤ አዛናው ሊሞት ሲሆን ቆይ! ሰውየህ ነዋ!»

ኡዘይር በግራ እጁ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አስነሣው። ገና ሲነሣ አንዲት ቁልፍ ተጫነ፤ ከርነሎቹ ተደርድረው ወጡ፤ አሮጌውን መረጠ። ዲስኮቹ አጉረመረሙ። አሁን ባዶ የነበረው ገጽ በሙሽሮች ስም ጢም ብሎ ሞላ።

«ይኸውልህ! ደብቀኸው ነው!»

«አዎ» አለ ኡዘይር። «አውቄ ነው ከርነሉን የቀየርኩት።»

አፈሙዙ ጆሮ ግንዱ ላይ ተተከለ። «ክፈተው። አይተነው ስናበቃ አንተንም አዛናውንም በአንድ ቀን እቀብራችኋለሁ።»

ኡዘይር ከፈተው። መዝሙር ሚዜዎቹ ትከሻ ላይ ሆኖ ጥርሱን ብልጭ አድርጎ ይስቃል። ከዚያ አዛናው ታየ። ከፊት ነው። ጠመንጃው ከትከሻው አልወረደም፤ በሁለት እጁ ያጨበጭባል።

ተኩሱ ደመቀ። አዛናው ያጨበጭባል።

«ምነው አይተኩስም?» አለ ወልደኢየሱስ። ድምፁ ቀጥኖ ነበር። «አሳልፈው እስቲ... ምነው ይኼ ሰው አይተኩስም?»

ካሜራው ከሙሽራው ኋላ ወዳሉት ተኳሾች መዞር ሲጀምር ኡዘይር ቪዲዮውን አቆመው።

«አያ፣ የአዛናው ሰው ደጄን ረግጦ አያውቅም» አለ። «ትናንት እዚችው ወንበር ላይ ተቀምጠው እስከ መጨረሻው አይተውት፣ ‹ይኼ ልጄ እንዳያየው አድርግልኝ፤ አንዱን መቅበሬ ይበቃኛል› ብለው እግሬ ላይ የወደቁት እናትህ ናቸው።»