የጨመዳ ወዳጆች

ነመራ ትሬንታ ኳትሮ ካሚዮን ይነዳል። በዚያ በጃንሆይ ዘመን ነቀምቴ ውስጥ መሪ የጨበጠ ጎረምሳ የሴት ዓይን አጥቶ አያውቅም። ግን ምን ዋጋ አለው? እሱ የወደደው ደራርቱን ነው። ደራርቱ ደግሞ የግራዝማች ዋቅወያ ልጅ ናት፤ ግራዝማችን መኪና አያስደንቃቸውም።

"ልጄን የምድረው ለሰው እንጂ ለመኪና አይደለም" አሉት። "አባትህ ማነው?"

"ጨመዳ ይባላል፤ የቢላ ሰው ነው። ጣሊያን በገባ ዓመት ሞተ። እኔ ገና አልተወለድኩም ነበር።"

"በጉብዝናው ምን ዓይነት ሰው ነበር?"

ነመራን ላብ አጠመቀው። እናቱም የሞተችው በልጅነቱ ነው። ስለ አባቱ የነገረችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሲዘፍን ደስ ይላል።

"እኔ የሰማሁት ጨመዳ የፈረስ ሌባ ነበር" አሉ ግራዝማች ሪዛቸውን እያፍተለተሉ። "እሱ እንዳይሆን ብቻ! በወጣትነቱ አብረውት የበሉ የጠጡ ሰዎች አምጣልኝ። አለዚያ ደራርቱን እርሳት።"

በማግስቱ ነመራ ቢላ ገበያ ውስጥ ነበር። መጀመሪያ ያገኛቸው ኮርቻ ሰፊውን ኦቦ ደረሳን ነው። ከአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው ቆዳ ይወጋሉ።

"አካም ጂርታ፣ አባ ኮ" አለና ባርኔጣውን አወለቀ። "የጨመዳ ልጅ ነኝ። አባቴን አላየሁትም። ወጣትነቱን የሚያጫውተኝ ሰው ካለ ብዬ ነው።"

ሽማግሌው ወስፌያቸውን አስቀመጡ። ሳል ያዛቸው። መሬት መሬት አዩ። በቃ፣ የፈረሱ ነገር እውነት ነው ማለት ነው፣ አለ ነመራ በልቡ።

"ጨመዳ... ጨመዳ..." አሉ ቀስ ብለው። "እናትህስ ምን ትል ነበር?"

"ዘፋኝ ነበር ትላለች።"

"ዘፋኝ ብቻ?" ሽማግሌው ብድግ አሉ። "ያንን አጭር ሰውዬ የማያውቅ አለ? ቁመቱ ከዚህ ኮርቻ አይበልጥ፤ ድምፁን የለቀቀው እንደሆነ ግን የአገሩ ፈረስ ሁሉ ገመዱን እየበጠሰ ይከተለው ነበር!"

ነመራ ፈረስ የሚለውን ሲሰማ ደነገጠ፤ ገመድ እየበጠሰ ሲሉ ግን ሳቁ አመለጠው። ሳቅና እንባ አንድ ላይ መጡበት።

ቅቤ ሻጯ አዴ ወርቂቱ ጫጫታውን ሰምተው መጡ። የጨመዳ ልጅ ነው ሲባሉ ደረሳን አዩአቸው። ደረሳም እሳቸውን አዩ። "ምነው፣ ምን ደብቀውኛል?" አለ ነመራ በሆዱ።

"ኧረ ጉዴ!" አሉ ወርቂቱ ድንገት። "ሊያገባኝ ነበር እኮ! መለሎ፣ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል! አባቴ እምቢ ባይሉ ኖሮ አንተ የእኔ ልጅ ነበርክ፣ ኢልመ ኮ!" ጉንጩን አገላብጠው ሳሙት፤ ፊቱን ቅቤ በቅቤ አደረጉት።

አጭርም ይሁን መለሎ ነመራ ግድ አልነበረውም። ስንት ዘመን ያለፈውን ሰው ቁመት ማን ያስታውሳል? አባት አግኝቷል፤ ሌላ ምን ይፈልጋል?

ጣሊያን ሲወጣ ከጉራጌ አገር መጥተው ሱቁን የከፈቱት አቶ ገብረመስቀልም ከባንኮኒው ብቅ አሉ። "ደንበኛዬ ነበር እንጂ! ጨው ሊገዛ ሲመጣ ሳያስቀኝ ሄዶ አያውቅም።"

ነመራ የግራዝማችን ጉዳይ ነግሯቸው ሦስቱንም ካሚዮኑ ላይ ጫናቸው። ወርቂቱ ጋቢና ገብተው በየኩርባው "ያ ዋቃ!" እያሉ ይጮሃሉ። ሁለቱ ወንዶች ከላይ ከቡናው ጆንያ ጋር እየተንገጫገጩ የጨመዳን ዘፈን ይዘፍናሉ። ደረሳ አንዱን ዘፈን፣ ገብረመስቀል ሌላውን። ነቀምቴ እስኪደርሱ አልተስማሙም።

ግራዝማች ተቀምጠው ጠበቋቸው። ሰላምታው እንዳለቀ አንዷን ጥያቄ አወጡ።

"ፈረስ ይሰርቅ ነበር?"

 ነመራ ዓይኑን ጨፈነ። ደራርቱ ከጓዳ ትንፋሿን ዋጠች።

"ግራዝማች፣" አሉ ደረሳ፣ "ጨመዳ ፈረስ አይሰርቅም። ፈረሱ ነው እሱን የሚሰርቀው! ሲዘፍን ይከተለዋል፤ ሲመሽ ሰውየው ደክሞት እያዛጋ ለጌታው ይመልሳል።"

ግራዝማች ሳያስቡት ሳቁ። ወርቂቱ ቀጠሉ፤ ጨመዳ አጥራቸውን ተደግፎ ሲዘፍን አባታቸው እጣቢ ደፍተውበት፣ እሱ ግን ፊቱን ጠርጎ ከቆመበት ስንኝ ቀጠለ። ገብረመስቀልም የጨውን ነገር ጨመሩ። ግራዝማች ሆዳቸውን ይዘው ተንፈራፈሩ።

ሌላው ሲያወራ ዝም ብሎ መስማት ደግሞ የግራዝማች ጠባይ አይደለም።

"ቆይ፣ ቆይ! አሁን ትዝ አለኝ! በልጅነቴ ቢላ ገበያ ላይ ትግል ገጥሞ በጀርባዬ የዘረረኝ ይሄው ጨመዳ አይደለም እንዴ!"

"እሱ ራሱ!" አሉ ሦስቱም ባንድ አፍ።

"በሕይወቴ የጣለኝ እሱ ብቻ ነው! የእሱን ልጅ እንዴት እምቢ እላለሁ? በቃ፣ በእናንተ ፊት ቃሌን ሰጥቻለሁ። ደራርቱ የእሱ ናት።"

ነመራ ጉልበታቸውን ስሞ በረረ። ደራርቱ በጓዳው በኩል ዞራ ግቢው በር ላይ ጠበቀችው። "አባቴ እኮ አባትሽን ጥሏቸዋል!" አላት እየዘለለ። እሷም አብራው ዘለለች። በዕድሜው እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም። አባት አለው፤ የሚዘፍን፣ የሚያስቅ፣ ግራዝማችን የሚጥል አባት።

ባርኔጣውን ረስቶት ነበር። ሊያመጣ ተመለሰና እጁን ወደ በሩ ሰደደ። ውስጥ ሳቁ ቆሟል። ኦቦ ደረሳ በሹክሹክታ ይናገራሉ።

"እንግዲህ ልጁ ከሄደ ልጠይቅ፤ ግራዝማችንም ጨምሮ፣ ከመካከላችን ጨመዳ የሚባል ሰው በዓይኑ አይቶ የሚያውቅ አለ?"